በነጩ ፕላስተር ላይ

ኦረስት ባራን ጎሉን እንዳላገባ ከማንም በፊት ያወቀው ራሱ ነው። እጆቹ ግን ተነሱ።

ከሃርግሮቭ የበረዶ ሆኪ ቡድን በረኛ አፍንጫ ሥር ቆሞ ነበር። ጉልበቶቹ ከለገሙ ወዲህ የቀረለት ሥራ ይኸው ነው፤ በረኛው ፊት ተገትሮ ማየት መከልከል፣ ሲሳካ ደግሞ እንደ ኳስ ተመትታ የምታልፈውን ጠፍጣፋ ጎማ በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ አቅጣጫ ማሳት። ወጣቱ ኬለን ዊትፎርድ ከሩቅ መታት። ጥቁሯ ጎማ በረዶው ላይ እያፏጨች መጣች፤ ኦረስት ዱላውን ዘረጋ፤ እሷ በዱላውና በጫማው መካከል ሹልክ ብላ መረብ ውስጥ ገባች። ዕድሜውን በረዶ ላይ የጨረሰ ሰው ጎማ ዱላውን ስትነካ መዳፉ ይነግረዋል። የኦረስት መዳፍ ምንም አልነገረውም።

ታዲያ እጆቹን ማን አነሳቸው? እሱ እንጃ። ዱላውን እንደያዙ ሁለቱም ወደ ጣሪያው ወጡ፤ አፉም ተከፍቶ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አምልጦት ሄደ። ኬለን እየተንሸራተተ መጥቶ ተጠመጠመበት፤ ወዲያውም ወደ ዳኛው ዞሮ በጓንቱ ኦረስትን እያመለከተ፣ "እሱ ነው የነካት፤ የእኔ ውጭ ልትወጣ ነበር" አለ። ዳኛው ለመጨቃጨቅ ምን ቸገረው? ወደ መዝጋቢዎቹ መስኮት ሄዶ የኦረስትን ቁጥር ተናገረ። ድምፅ ማጉያው ትንሽ ተንኮሻኮሸና የስቴላ ድምፅ ወጣ። ስቴላ የኦረስት ሚስት ናት፤ የመንደራቸውን የቶፖልያን ቡድን ጨዋታ ሁሉ በማይክሮፎን የምታሰማው እሷ ናት።

"ጎሉን ያስቆጠረው ካፒቴን ኦረስት ባራን" አለችና ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። "የጊዶ ሜትሮ ክብረ ወሰን ተሰበረ።"

ከሃምሳ ዓመት በላይ ማንም ያልደፈረው ክብረ ወሰን ነው። በቶፖልያ ማሊያ ከሁሉ በላይ ጎል ያገቡት ሜትሮ ኮዛክ ነበሩ፤ አሁን ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ፣ ትንሽ ትልቁ "ጊዶ" እያለ የሚጠራቸው፣ አያቴ እንደ ማለት። ባለፈው ወር ኦረስት እኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጎል እምቢ አለች። በረኛ ያድናታል፣ ብረት ይመልሳታል፣ ዳኛ ይሽራታል። ዛሬ የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ለኦረስት ደግሞ የዕድሜው። ሐኪሙ ጉልበቶቹን አይቶ፣ "ከእንግዲህ ስንዴህን አጭደህ ጎተራ ብታስገባም ተመስገን በል" ብሎታል። ዛሬ ካላገባ በቃ፣ አላገባም።

አዳራሹ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ተነስቶ የቆመበትን ጣውላ ይረግጣል። ፒሮሄ የሚሉትን በድንች የተሞላ ሊጥ የሚቀቅሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ማሰሮውን እሳት ላይ ጥደው ከነሽርጣቸው ብቅ አሉ፤ ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሄዶ የሚተኛው ቄስ እንኳ ሳይቀር ያጨበጭባል። ኦረስት መሐል ቆሞ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ሰሃን ላይ እንደረጋ ስብ ፊቱ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ፤ ሊያወልቀው ቢሞክርም አልወልቅ አለው። ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ ነበርና ፊሽካው ተነፋ፤ ከሦስቱ ሁለተኛው ክፍለ ጨዋታ አለቀ።

ወደ መልበሻ ክፍል በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ዱላውን ገልብጦ አየ። የዘመኑ ልጆች ዱላቸውን በጥቁር ፕላስተር ነው የሚጠቀልሉት፤ ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል። ኦረስት ከልጅነቱ ጀምሮ በነጭ ነው። ነጭ ፕላስተር ጎማዋ በነካችው ቁጥር ጥቁር ምልክት ይይዛል። በየዕረፍቱ ኦረስት ዱላውን ገልብጦ ምልክቶቹን ያነባል፤ እዚህ ጋ በጫፉ መታሁ፣ እዚህ በተረከዙ ተቀበልኩ፣ ይቺ ደግሞ ጠርዙን ገጭታ አመለጠችኝ። አንብቦ ሲጨርስ ልጦ ይጥለውና አዲስ ይጠቀልላል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም። የተማረው አዳራሹ መግቢያ ላይ ካለው የመስታወት ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ጊዶ ሜትሮ የመጨረሻ ጎላቸውን ያገቡበት ዱላ ተጋድሟል። በነጭ ፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ ፕላስተሩ በዘመን ብዛት ወይቦ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ምልክት አለ። አንድ ብቻ። ኦረስት ሕፃን ሳለ አባቱ ቡና ሲጠጣ እሱ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያቺን ምልክት ሲያይ ይቆይ ነበር። አንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ሰዓት መንካቱን የምትመሰክር ምልክት ናት። ሌላው ልጅ ካራሜላ ሲለምን እሱ ነጭ ፕላስተር ለመነ።

ዛሬ ከጎሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ዱላው ተሰብሮበት አሰልጣኙ ኔስቶር አዲስ አቀብሎት ነበር። አሁን ያንን ገልብጦ አየው። ከጫፍ እስከ ተረከዝ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ዱላውን ከሌሎቹ ጋር በር ላይ ደገፈውና ገባ።

መልበሻ ክፍሉ የወትሮውን ይሸታል፤ የወንድ ላብ፣ ወር ሙሉ ያልደረቀ ጓንት፣ የጡንቻ ቅባት፣ የአንዱ የነጭ ሽንኩርት ቋሊማ። ወትሮ ይህን ሽታ ይወደው ነበር። ዛሬ አቅለሸለሸው። እየመጡ ጀርባውን ይመቱታል፣ የራስ ቁሩን ያንኳኩለታል፣ አንዱማ ግንባሩን ሳመው። ግማሾቹ ከኋላው ነበሩ፤ አይተዋል። አንዳቸውም ደፍሮ ዓይኑን አላየውም፤ ሁሉም አገጩን ወይም ትከሻውን እያየ ነው "እንኳን ደስ አለህ" የሚለው።

ኬለን ጎኑ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና የብርቱካን ጭማቂውን በጥርሱ ከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት የካፒቴንነቱ ምልክት ደረቱ ላይ የሚሰፋለት ለእሱ እንደሆነ ያላወቀ የለም። መጀመሪያ በረዶ ላይ ያቆመው ኦረስት ነው፤ የወጥ ቤት ወንበር እያስገፋ።

"ምነው ሽማግሌው፣ ክብረ ወሰን ሰብረህ የለቀስተኛ ፊት ታሳየናለህ?"

"አልነካኋትም።"

"ማንን?"

"ጎማዋን። አልነካኋትም፤ አንተም ታውቃለህ።"

ኬለን ጭማቂውን ጠጣ፤ አፉን በማሊያው ጠረገ። "እኔ ነክተሃል ብያለሁ። ዳኛውም ብሏል። ሚስትህም ብላለች። አንተ ማን ነህና ነው ለብቻህ አልነካሁም የምትለው?"

ተቃራኒ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ሳቁ። ኦረስት አልሳቀም።

"ጎሉ ያንተ ነው፣ ኬለን።"

"እኔ ገና ስንት አገባለሁ። አንዷ ብትጎድል ምን ትጎዳኛለች?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ውሰዳት በቃ። ስጦታ ናት። ሌላ ጨዋታ እኮ የለህም።"

ይህን ሲል አየው። ከሁሉ የከፋው ያ አስተያየት ነበር። ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያረጀ ውሻ መኪናው ላይ ዘልሎ መውጣት ሲያቅተው፣ ማንም እንዳያይ ቂጡን ደገፍ አድርገው የሚያወጡት ዓይነት አስተያየት ነው። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ኦረስት በቡጢ ይመልሰው ነበር፤ ደግነትን ግን በምን ይመቱታል?

ተነስቶ ሽንት ቤት ገባ። ውሃ ከፍቶ ፊቱን ታጠበ፤ አሁንም ታጠበ። ኬለንን ሊሰድበው ፈለገ፣ ዳኛውን፣ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ፣ አልቃሻዋን ሚስቱን። ሁሉም ቀፈፉት። ግን ራሱን ማታለል አልሆነለትም። ኬለን ጣቱን ከመቀሰሩ በፊት፣ ስቴላም አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ እነዚህ ሁለት እጆች ተነስተው ነበር። ከመታጠቢያው በላይ አያቸው፤ የሰው ኪስ ሲገቡ የተያዙ ይመስል ቀልተዋል። ፈልጎት ነበር። ውሸት መሆኑን እያወቀ እንደ ረሃብተኛ ተቀብሎት ነበር። ጎንበስ ብሎ አስመለሰና አፉን ተጉመጥምጦ ወጣ።

ኔስቶር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የኦረስትን ዱላ በጉልበቶቹ መካከል ይዞታል። ኔስቶር ለዚህ ቡድን አሰልጣኝም ዱላ ጠጋኝም ነው፤ ከእሱ በፊት አባቱ፣ ከአባቱ በፊት የሚያስታውስ የለም። ኦረስት ሲመጣ አንድ ነገር ኪሱ ከተተ። ከኪሱ አፍ የመጫወቻዋ ጎማ ጠርዝ ይታያል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ምንም። ዱላህን እየወለወልኩ።"

ኦረስት ዱላውን ነጠቀው። ነጩ ፕላስተር ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ጥቁር ምልክት አርፏል። ያውም አሳምሮ የሠራው፤ ወደ አንድ ጎን ሳሳ ያለ፣ የምትሽከረከር ጎማ ነክታው ያለፈች የሚመስል። ሌላ ሰው ቢያየው ይምላል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አትጨቅጭቀኝ እንግዲህ። ከጨዋታው በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከጊዶ ጎን። ልሙጥ ዱላ ላስገባልህ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"አልነካትም ይላል። እውነቱን።"

"እውነት፣ እውነት። ውጭ ሕዝቡ እያለቀሰ ነው፤ አንተ እዚህ ከፕላስተር ጋር ትጣላለህ።" ኔስቶር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። "ለአንተ ብዬ እኮ ነው።"

ለአንተ ብዬ። በዚያ ቀን ኦረስት ላይ የተሠራው ግፍ ሁሉ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው። መልስ ሊሰጠው ሲል በሩ ተከፈተና ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ብድግ አለ፤ ጊዶ ሜትሮ ገቡ።

ቁራ የተጠለፈበትን የሱፍ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጥተው ኦረስትን አቀፉት። የሳል ከረሜላና ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። "ከዚህ ጎረምሳ ጋር ለብቻ አገናኙኝ" አሉ። ኔስቶር ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል፣ የበረዶ ጫማ ስለት የሚሳልባትን፣ ከፈተላቸው። ኦረስት ዱላውን እንደያዘ ተከትሏቸው ገባና በሩን ዘጋ።

"ጊዶ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለ። "ጎሉ—"

"አላየሁም ብለህ ነው? ከመረቡ ጀርባ እኮ ነው ወንበሬ።" ዱላውን ተቀብለው ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "ኔስቶር እጁ ከአባቱ ይሻላል። የእኔን የቀባው አባቱ ነበር። ያ ደደብ በጫማ ቀለም ነው የቀባው፤ ሳጥኑን ብትከፍተው እስከ ዛሬ ይሸታል።"

ኦረስት የሰማውን መልሶ መላልሶ አሰበው። "የትኛውን ነው የቀባው?"

"የትኛው አለ ሌላ? የመጨረሻዋን ነዋ። ልክ እንዳንተ ቆሜ፣ ልክ እንዳንተ ዘርግቼ፣ አለፈችኝ። የነበረውን ክብረ ወሰን ለመስበር አንድ ጎድሎኝ ነበር። ሰዎቹ ጮኹ፤ እኔም ጮኽኩ።" ሽማግሌው የኦረስትን እጅ ያዙ። መዳፋቸው ለስላሳና እርጥብ ነው፤ አለቀቁትም። "ይኸውልህ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሳጥን ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ሚስቴ ሞተች፣ ሳልነግራት። ለካህን አልነገርኩም። ብቻዬን ነበርኩ ልጄ። አሁን ሁለት ሆንን።"

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ደስ ብሏቸዋል። ኦረስትን ከሁሉ በላይ የዘገነነው ይኸው ደስታ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የኖረ ሰው ሌላ ሰው ሲወድቅበት የሚሰማው ዓይነት ደስታ። ልጅ ሆኖ መስታወቱ ላይ የለጠፈው አፍንጫ ትዝ አለው። ለጫማ ቀለም ነበር የሰገደው። ዕድሜ ልኩን ሲልጥ ሲጠቀልል የኖረው ነጭ ፕላስተር ሁሉ ከአንድ የጫማ ቀለም ጠብታ የተወለደ ነው።

"ያ ጎል ውሸት ከሆነ የእርስዎ ቁጥር በአንድ ይቀንሳል" አለ ኦረስት። "እኔ ባለፈው ወር ሳላውቅ አልፌዎታለሁ ማለት ነው።"

"አየህ? አንተ ብልህ ነህ።" ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። "እንግዲህ የዛሬው ጎል ውሸት ቢሆን ምን አለ? እግዜር የሚገባህን ነው የሰጠህ፤ በጓሮ በር ሰጠህ እንጂ። ዝም በል። ዝም አይነቅዝም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ነገ እኮ ተራ ገበሬ ነህ።"

ነገሩ ልክ ነበር። ሒሳቡ ይገጥማል። ኦረስትን ያንገሸገሸውም መግጠሙ ነው። ለውሸት ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም፤ እንዲህ የሚጣፍጥ ምክንያት ግን አጋጥሞት አያውቅም፤ ለአንድ አፍታ ሊውጠውም ዳድቶት ነበር። እጁን ከሽማግሌው መዳፍ አወጣ። የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሳበው፤ እስከ ተረከዙ ላጠው፤ ጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው። ከኪሱ አዲስ ጥቅል አውጥቶ መጠቅለል ጀመረ።

"ልትናገር ነው?" አሉ ጊዶ ሜትሮ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። በአንድ ጊዜ በጣም አረጁ።

"የእኔን" አለ ኦረስት። "የእርስዎን እርስዎ ያውቃሉ።"

ሦስተኛው ክፍለ ጨዋታ ሊጀመር ተጫዋቾቹ ሲወጡ ኦረስት በቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደ። ከዳኛ ጋር መነጋገር የተፈቀደው ለካፒቴን ብቻ ነው፤ በዚህ መብት ዕድሜውን ሙሉ ሲጨቃጨቅበት ኖሯል፤ አንድም ጊዜ ግን በራሱ ላይ ተጨቃጭቆ አያውቅም።

"ጎማዋን አልነካኋትም። ጎሏ የኬለን ናት፤ አስተካክላት።"

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። "ኦረስት፣ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ መንገድ አለኝ። ተወኝና በሰላም ልግባ።"

"አስተካክላት።"

"እዚህ አዳራሹ ደጃፍ እኮ ነው መኪናዬን ያቆምኩት። ጎማዬን ሊያስተነፍሱት ነው።"

"እኔ አልነካኋትም እያልኩህ ነው።"

ዳኛው ተነፈሰ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ። ስቴላ ከመስታወቱ ጀርባ ስትሰማው ኦረስት አየ፤ ወደ እሱ ዞረች። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

"የጎል ማስተካከያ" አለች። "ያስቆጠረው ኬለን ዊትፎርድ። ካፒቴን ኦረስት ባራን ጎማዋን እንዳልነካት ራሱ ተናግሯል። ክብረ ወሰኑ እንደነበረ ነው። ከጊዶ ሜትሮ ጋር እኩል።"

አንድ ሰው ከላይ፣ "ምን አስለፈለፈህ፣ አንተ ጅል" አለ፤ ሁሉም ሰማው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ከቆሙበት አንዷ ወደ መረቡ ጀርባ ዞራ ማጨብጨብ ጀመረች። "ጊዶ" አለች። ሌላው ተቀበላት። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ለሽማግሌው ያጨበጭባል፤ ሃምሳ ዓመት ቆሞ ዛሬም ላልወደቀው፣ ሐቀኛው ሰው እንኳ ሊሰብረው ላልቻለው ክብረ ወሰን። ጊዶ ሜትሮ መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና አውለበለቡ።

ኦረስት በረዶው መሐል ቆሞ ይህን አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእሱ እውነት ግን የጫማ ቀለሙን ወለወለችው እንጂ ምንም አላጠራችም። ንጹሕ ልሁን ብሎ የታጠበበት ውሃ ሄዶ ሌላውን ሰው አጠበ። ቆባቸውን የሚያውለበልቡትን እጅ እያየ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ በኋላ ስለነበረው ጨዋታ ብዙ የሚወራ የለም። ኬለን ሁለት አገባ፤ ሲያገባም ኦረስትን አላየውም። መጨረሻው ላይ አንዲት ዕድል መጣች። ጎማዋ ከአጥሩ ተመልሳ ኦረስት እግር ሥር ወደቀች፤ መረቡ ግማሹ ክፍት ነው፤ ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። መዳፉ እስከ ክርኑ ድረስ ነገረው። የሃርግሮቩ በረኛ ተዘርግቶ በእግሩ ጫፍ አዳናት። ተኝቶም ቀና ብሎ አየውና፣ "ዛሬማ አትገባም፣ አባባ" አለው። በዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ለኦረስት ያልራራለት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ኦረስት ሊስመው ምንም አልቀረው።

ጨዋታው ሲያልቅ ቶፖልያ አሸንፋለች። ሰዉ መግቢያው ላይ በፒሮሄና በቡና ተሰብስቧል። ኦረስት ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ መንገድ ከፈቱለት፤ አንዳንዱ ጨበጠው፤ አንዳንዱ ምግቡን አብዝቶ ማኘክ ጀመረ። የመስታወት ሳጥኑ ተከፍቶ ለዱላው ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ኔስቶር አሁን መልሶ በብሎን እያሰረው ነው። ሳጥኑ ፊት ኬለን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

"አዋረድከኝ" አለ ሳይዞር። "አገር በሙሉ ውሸታም አድርጎ ቆጠረኝ። እናቴ ሳይቀር፣ 'ለምን ጠቆምክ' አለችኝ።"

"ዋሽተሃላ።"

"ለአንተ ብዬ እኮ ነው።" ዓይኑ ቀልቷል። "ክብረ ወሰኑ ምን ይገደኛል። እኔ ትንሽ ሆኜ እዚህ ስቆም የማየው ያንን ነበር።" በአገጩ ወደ ወየበው ፕላስተር፣ ወደ አንዷ ጥቁር ምልክት አመለከተ። "ያንተ ከጎኑ ቢሆን ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም። የጊዶ ግን ትክክለኛ ነው፤ አይደል? እሱ እንኳ?"

ኦረስት ቀና አለ። ከሰዉ ማዶ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ጊዶ ሜትሮ ሰሃናቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሹካቸው መንገድ ላይ ቆሟል። እያዩት ነው። ኔስቶርም ብሎኑን ማዞር አቁሟል።

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። ልጁን አየው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አፍንጫው ከመስታወቱ ጥቂት ጣት ብቻ ይርቃል። ይህን ከወሰድኩበት ነገ በረዶው ላይ የሚወጣው ምን ብሎ ነው? አለ በሆዱ። ሲያስበው ደግሞ ኬለን ጣቱን የቀሰረው፣ ኔስቶር ጎማዋን ያሸው፣ የኔስቶር አባትም የጫማ ቀለሙን የከፈተው ይህንኑ አስበው እንደሆነ ገባው። ገባው፤ አላዳነውም።

"ትክክለኛ ነው" አለ።

ኬለን ራሱን ነቀነቀ፤ ደረቱ ቀለል አለው። "አውቅ ነበር" አለ። ማዶ ጥጉ ላይ ሹካዋ ጉዞዋን ቀጠለች። ጊዶ ሜትሮ ፒሮሄያቸውን ጎረሱና እያላመጡ ለኦረስት አንገታቸውን ሰበር አደረጉለት፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ እንደሚያደርገው።

ኦረስት ውጭ ወጣ። ሜዳው ነጭ ነው፤ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ምራቁን በረዶው ላይ ተፋ። አፉ ውስጥ ያለው ነገር አልሄደም። ስቴላ መኪናውን አሙቃ ትጠብቀው ነበር፤ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። "ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር" አለችው። "ዛሬ እንዴት እንደኮራሁብህ።"

ኦረስት መስኮቱን ዝቅ አደረገና እንደገና ተፋ።